ድንጋያችን የሞላው የአቶ ኦባንግ ቤት

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ጋምቤላ ከተማ

ገና ሳይነጋ ላብ ጀርባዬ ላይ ወርዷል። የጋምቤላ ሙቀት እንደሆነ ሰው እስኪነቃ አይጠብቅም። ስምንት ዓመት በወረቀት ብቻ የማውቀውን የወርቅ ፍለጋ ኩባንያችንን ዛሬ በዓይኔ ላየው ነው። አክሲዮኑን የያዝነው አሥራ ሁለት ጓደኛሞች ነን፤ አብዛኞቻችን ጡረታ የወጣን መምህራን። አሁን አክሲዮናችንን የሚገዛ ሰው መጥቷል፤ ሰኞ መልስ ይፈልጋል። "አይተህ የምትለንን እናደርጋለን" ብለው ላኩኝ። እስካሁን "እንቆይ" እያልኩ የያዝኳቸው እኔው ነኝ፤ ግትር መሆኔንም ያውቃሉ።

1:30፤ አቦቦ

የሾፌሬ የደምሴ ወላጆች በሰባዎቹ ሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። ቀይ አቧራ፣ የበቆሎ ማሳ፣ መንገድ ዳር የተከመረ ማንጎ። አንድ ፌስታል በመቶ ብር ገዛን። ኬላው ላይ ወታደሩ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና "ወደ ወርቁ ቦታ ነዎት?" አለኝ።

"አዎ። መንገዱ ሰላም ነው?"

"ዛሬ ሰላም ነው።"

ደምሴ ፒካፑን እያስነሳ ሳቀ። "ጋሼ፣ እኛ እዚህ በዛሬ ነው የምንኖረው። እናንተ ለስንት ጊዜ አስባችሁ ነው ገንዘባችሁን ያስገባችሁት?"

"ለረጅም ጊዜ" አልኩት። ወይ ጉድ፣ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አሳፈረኝ።

5 ሰዓት፤ ከጎግ ወዲያ

የኩባንያችን ካምፕ የለም። ቆርቆሮው ተነቅሎ ምሰሶው ብቻ ቆሟል። ከሁለት ዓመት በፊት ተኩስ ሲነሳ ሥራ አስኪያጁም ባለሙያዎቹም በአንድ ቀን ወጡ፤ የፍለጋ ፈቃዱ እድሳትም "በሂደት ላይ ነው" እንደተባለ አለ። የቀሩት ዘበኛው አቶ ኦባንግ ናቸው፤ ረጅም፣ ሽበታም ሰው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

የጭቃ ቤታቸውን በር ሲከፍቱት ክው አልኩ። ከወለል እስከ ጣሪያ ሳጥን ነው። የቁፋሮ ናሙናችን! ከመሬት ሥር ተሰርስሮ የወጣ፣ እንደ ዱላ ሞላላ የሆነ ድንጋይ፣ በጥልቀቱ ተራ የተደረደረ። ወርቅ አለን የምንለው እሱን ይዘን ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የጥልቀት ቁጥር ዝናብ ካጠበው ዋጋ የለውም፤ ገዢውም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

"ጣሪያ ወሰዱ። ዝናብ መጣ። እኔ አስገባሁ" አሉኝ። "ቁጥር አልተበላሸም፣ እይ።"

"እርስዎስ የት ይተኛሉ?"

ዛፍ ሥር ያለች የሣር ዳስ አሳዩኝ። ባለቤታቸው አሪየት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታስላለች። ሁለት ክረምት እዚያ ነው ያሳለፉት።

"ደረቷ ታሟል። ሐኪም፣ እርጥበት ነው አለ። አሁን ክረምት ደረሰ።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፤ "አንተ ባለቤቱ ነህ። ልጠብቅ ወይስ ላውጣ?"

ይህንኑ ጥያቄ ስምንት ዓመት ስመልስ ኖሬያለሁ፤ አዲስ አበባ፣ ሶፋ ላይ ተደላድዬ። "እንቆይ" ማለት ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሲቆዩልኝ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው! አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ወደ ከተማ እንዳልጭነው፣ ድንጋይ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ በኬላ አያልፍም። መኪናው ላይ ያለችው አንዲት ሸራም ሩቡን እንኳ አትሸፍንም። ለጓደኞቼ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።

"ያውጡት" አልኳቸው።

"ዝናብ ያበላሸዋል" አሉ፣ ያልገባኝ መስሏቸው ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ።"

ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ሳጥን አነሳሁ፤ ደምሴ በሌላው ጫፍ ያዘልኝ። ስንጨርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። አሪየት ፍራሿን ይዛ ቤቷ ገባች።