ከደብዳቤው ግርጌ ያለችው ፊደሌ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስቀመጡኝ በር ሥር ነው። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ መጥቶ ጣቴ ላይ ያርፋል። የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነበር። የታይፕ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ብርቄ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከጀርባችን ይመላለሳሉ። የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ ብቻ ሰምተው ማን እንደተሳሳተ ያውቁ ነበር።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አሥራ ሦስት መስመር ነበረች። ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀችብኝ። እትዬ ብርቄ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ አነበቧት።

"ከላይ ወደ ታች ካነበብሽ ሐሳቡ ይዞሽ ይነጉዳል፤ ስህተቱን ሳታይው ታልፊያለሽ" አሉኝ። ቀጥለው "ይህ ደብዳቤ የማን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ ነው።"

"ቃሉ የኃላፊው ነው። ስህተቱስ?"

ወረቀቷን መልሰው መኪናው ላይ ጠመጠሟትና ከግርጌ፣ በግራ ጠርዝ፣ ከኃላፊው የስም መነሻ ፊደላት ቀጥሎ እዝባር አስመትተው የእኔን አስጻፉኝ፤ ጸ.ለ.። ጸዳለ ለማ ማለት ነው። "ከዛሬ ጀምሮ ስህተት ከተገኘ የሚመጣው ወደዚች ፊደል ነው" አሉ። እኔ ግን ስሜ በመንግሥት ደብዳቤ ላይ ወጣ ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች።

ፊደሏ ምን እንደምትሠራ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ሠራተኛ ወደ ሳጉሬ እንዲዛወር የተጻፈውን ረቂቅ "ጎበሳ" ብዬ መታሁት። ያን ቀን አላመሳከርኩም። ማመሳከር ማለት አንዷ ረቂቁን ጮክ ብላ ስታነብ ሌላዋ የተመታውን በማስመሪያ መስመር በመስመር መከተል ነው። ቸኩዬ ዘለልኩት። ሰውየው ፍራሹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ ጎበሳ ሲደርስ "ማን ላከህ?" ተባለ።

"ጸ.ለ. ማን ናት?" ተብሎ ተጠየቀ። ብድግ ብዬ "እኔ ነኝ" አልኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ማስጠንቀቂያውንም የመታሁት እኔው ነኝ፤ ከግርጌው ጸ.ለ. ብዬ። ሰውየው ግን ከተማዋ ተመችታው እዚያው ልቅር ብሎ አመለከተ። ኋላም ትዳር ያዘባት። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "አማቼ" ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን የሙያ ባልደረቦቼ ታውቁታላችሁ። ካርቦን ወረቀት ጣታችንን አጠቆረው፣ የማባዣ ስቴንስል ቀደድን፣ ነጭ ማጥፊያ እስኪደርቅ እፍ እያልን ጠበቅን። ኮምፒውተር ሲመጣ ስህተት አበቃለት ተባለ። አላበቃለትም፤ አምሮ መውጣት ጀመረ እንጂ።

ጡረታ ስወጣ ከቢሮዎቹ ጎን ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ አስገብቼ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ እጽፍ ጀመር። ፊደሌን ከግርጌ ማስቀመጥ ግን ተውኩ። አለቃ የለኝ፣ ማን ይጠይቀኛል አልኩ። እውነቱን ልናገርና ቀሎኝ ነበር።

ሲፈን የመጣችው በክረምት ነው። ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ ወረቀቷን ከጃኬቷ ውስጥ አወጣች። የሳጉሬ ልጅ ናት፤ ጎበሳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆና ትሠራለች። ዲግሪ ያላቸውን የጤና ባለሙያዎች የሚቀበል አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ማስታወቂያ አውጥቶ ልታመለክት ነው። ፎርሙ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከሱ ጋር ለምን ሐኪም መሆን እንደፈለገች የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይያያዛል።

"ጤና ጣቢያው የድጋፍ ደብዳቤ የሚሰጠው በተራ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። "ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው። ካለፈኝ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ አልቀው እስኪመለስ ማርጀቴ ነው።"

ስለዚህ ፈራች። ፍርሃቷም ሁሉ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ገጥሞት የማያውቅ ጸሐፊ ያለ አይመስለኝም። አንድ ቀን ርእሱ ይድመቅ፣ በማግስቱ ድምቀቱ ይቀነስ ትላለች። ሥራ ላይ ስትሆን ደግሞ ትደውላለች።

"እትዬ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከነጥቡ በኋላ ሁለት ባዶ ቦታ አለ መሰለኝ።"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባዶ ቦታን ማን ያየዋል?"

"እኔ አየሁታ!"

"ልጅ ስታዋልጅም ጣቶቹን ትቆጥሪያለሽ?"

"እቆጥራለሁ፤ ግዴታዬ ነው።"

ምን እላታለሁ? ባዶ ቦታዋን አጠፋሁላት። እኔም እኮ እንደሷ ነኝ፤ ወደድኳት።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣላን። አንዲት እናት በጋሪ ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ምጡ መንገድ ላይ ጠናባት። ሲፈን ሮጣ ወጥታ እዚያው ጋሪው ላይ አዋለደቻት፤ ባለጋሪው ጀርባውን ሰጥቶ ፈረሱን ያባብል ነበር። ደብዳቤው ላይ ይህን ጽፋ ኋላ ይውጣልኝ አለች።

"ትልልቅ ሐኪሞች ናቸው የሚያነቡት። ስለ ጋሪና ስለ ፈረስ ሲያነቡ ምን ይሉኛል?"

"ይህ ከወጣ ደብዳቤው የማንም ሰው ደብዳቤ ይሆናል። አላወጣም።"

"ደብዳቤው የእኔ ነው፣ የእርስዎ?"

"ያንቺ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የእኔ ነው!"

አኩርፋ ተወችው።

በመጨረሻው ቀን እንደ ድሮው አመሳከርን። እሷ ጮክ ብላ አነበበች፣ እኔ ማስመሪያ ይዤ ተከተልኩ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበብን። ንጹሕ ነበር። ጣቷን ማውሱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። "አሜን" አልኩ፤ ላከችው። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ወረፋ የያዘ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበልን።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ እየቀጠቀጣት መጣች። የመጨረሻው አንቀጽ ማብቂያ ላይ ነጥብ የለም።

"አለቀልኝ፣ እትዬ!"

"በነጥብ አልቆለት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ተቀመጪ" አልኳት። ላጽናናት ብዬ የፎርሙንና የደብዳቤውን ቅጂ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። "እስቲ የጻፍሽውን እዪ! ተወለድሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሽ፣ ተመረቅሽ..." እያልኩ ዓመቶቹን በጣቴ ስከተል ቆይቼ ጣቴ አንዱ ዓመት ላይ ቆመ።

ፎርሙ የልደት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ይጠይቃል። እሱን ቀይሬ የሞላሁት ራሴ ነኝ። የትምህርቷንና የሥራዋን ዓመቶች ግን ሁለታችንም በእኛው አቆጣጠር ተውናቸው። በወረቀቱ መሠረት ሲፈን በአሥር ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ተመርቃ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሴት ታዋልድ ነበር። ከላይም ከታችም አንብበነው አላየነውም። እያንዳንዱ ዓመት ለእኛ ትክክል ነበራ።

ፎርሙ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተሳሳተ መረጃ ያቀረበ አመልካች ከውድድር ይሰረዛል ይላል።

ሲፈን አላየችም። አሁንም ስለ ነጥቧ ታወራለች። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ፊደሌ እዚያ የለችም። ይህ ሐሳብ በልቤ ማለፉን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ያለፈው ግን ለአፍታ ነው። በር ሥር የተቀመጥኩበትን ቀን አስታወስኩና ነገርኳት።

ወረቀቱን አየችው። "ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ!" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። "ተራዬ አለቀ።"

"አላለቀም። ምዝገባው የሚዘጋው ከነገ ወዲያ ነው።"

"አንዴ ከተላከ አይነካም ይላል እኮ።"

"ኮምፒውተሩ ነው አይነካም ያለው። መዝገብ ቤት ግን አለ። እምባሽን ጥረጊና ንገሪኝ፣ የተወለድሽው በስንት ነው? በእኛው!"

ማረሚያ ደብዳቤ ጻፍን። ስምንት መስመር ናት። በግራ የተጻፈው ዓመት፣ በቀኝ ትክክለኛው። ይቅርታ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ምክንያት ማብዛት አያስፈልግም። ሁለታችን በየፊናችን አሰላን፤ ከዚያ ወረፋ የያዘችውን የሒሳብ መምህርት ለምነን እንደገና አሰላችልን። መጨረሻ ላይ እጄ ራሱ ወደ ግርጌ ሄዶ ጻፈ፤ ሲ.በ./ጸ.ለ.።

"ይህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ስህተቱ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።"

"የእኔም እኮ ነው።"

"ያንቺም ፊደል አለች፣ ከፊቴ። ሲፈን በቀለ አይደለሽም?"

ሁለት ቅጂ አተምኩላት። "አንዱን ስጪያቸው። በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳይመታልሽ ከመስኮቱ ንቅንቅ እንዳትዪ" ብዬ አስጠነቀቅኳት። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። እኔ ያን ቀን የአንድ ሰው የኪራይ ውል ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ተመታ! እትዬ፣ ማኅተሙ ተመታ!" የመዝገብ ቤቷ ሴት ወረቀቱን እስከ ግርጌው አይታ፣ "ይቺን ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ!" ብላ እየሳቀች ተቀብላታለች። ከፎቶ ኮፒው ጋር እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የሆነውን መጥታ እየተቀመጠች እየተነሣች ነገረችኝ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። በዕድሜ የገፉት ፕሮፌሰር ማረሚያዋን ከላይ አድርገው ይዘዋል።

"በአሥር ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ አገኘን ብለን ደስ ብሎን ሳለ ይህ ደረሰን። አዘንን" አሏት። ሁሉም ሳቁ። "በስድስት ዓመቱ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰም አለ። እሱ ግን ማረሚያ አላመጣም።"

ከዚያ ወደ ግርጌው ጠቆሙ። "ጸ.ለ. ማን ናት?"

ይህን ስትነግረኝ፣ ያ ጥያቄ ከስንት ዓመት በኋላ መልሶ ሲመጣ፣ እንደዚያን ቀን ብድግ አልኩ። "ምን አልሽ?" አልኳት።

"'የጻፈችልኝ ሴት ናት። ስህተት ከተገኘ ወደዚች ፊደል ይምጣ ማለት ነው' አልኳቸው። 'ሐኪም ስትሆኚስ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?' አሉኝ። 'አሁንም አደርጋለሁ። ባዋለድኳት እናት ሁሉ ካርድ ላይ ስሜና ፊርማዬ አለ፤ የሆነውን እጽፋለሁ፣ የሳትኩትንም እጽፋለሁ' አልኳቸው። ሦስቱም ጻፉ፣ እትዬ። ምን እንደጻፉ አላየሁም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሁሉ ወሬ ስለ ጋሪው ሆነ! ፈረሱ አልደነገጠም ወይ? እትብቱን በምን አሰርሽ? ባለጋሪው ምን አለ? አላስወጣ አሉኝ።"

ኩራቴን አልደበቅኩም። "የማን ኮምፒውተር ነበር?" አልኳት። "ነጥቧስ?"

"ማንም አላነሳትም!"

ያለፉት ሰዎች ስም ሲወጣ ከጎበሳ ደወለች። ከኋላዋ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች እልል ይላሉ። እኔ አለቀስኩ። ልጆቼ ሲመረቁ ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ወረፋ የያዙት ደንበኞች ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ ተሰበሰቡ፤ ነገሩን ስነግራቸው እነሱም እልል አሉ።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሳጉሬ ወላጆቿ ዘንድ ስትሄድ አሰላ ላይ ከሚኒባስ ወርዳ ሳታየኝ አታልፍም። ባለፈው ለክፍሏ የምታቀርበውን ጽሑፍ ይዛ መጥታ፣ እሷ እያነበበች እኔ በማስመሪያ እየተከተልኩ አመሳከርን። የሕክምናውን ቃል ግማሹን አላውቀውም። "ስለማያውቁት ነው ለእርስዎ የማነበው" አለችኝ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ እኔ ሳልነግራት፣ ሲ.በ. ብላ ጽፋበታለች።

እኔም ከዚያ ክረምት ወዲህ ከቤቴ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ጸ.ለ. አለበት። አጥፊልኝ የሚል ደንበኛ አለ፤ አላጠፋም።

ሥራውን አሁን ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ፣ ነጥቡን በኋላ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት። ስህተት ስታገኙ ያኔውኑ ለባለቤቱ ንገሩት። ፊደላችሁን ከግርጌ አስቀምጡ።