ሁለት ተመለሽ፣ ስድስት ቅጂ

ሹራብ ሠሪዋን የገጠማት ችግር ይህ ነበር፦ አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ የነደፈቻቸው የሹራብ ንድፎች አንድ የታመቀ ፋይል ውስጥ ተቆልፈው ቀርተዋል። ፋይሉን ይከፍት የነበረው ፕሮግራም ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ሞቷል። አክስትየዋ ዓይኗ ከደከመ ቆየ፤ አሁን አሁን ደግሞ መርሳት ጀምራለች። ጨርሳ ከረሳች፣ ንድፎቹ ቢገኙ እንኳ ትክክል መሆናቸውን የሚናገር ሰው አይኖርም።

"የሚከፍተውን ፕሮግራም ራስሽ ጻፊው" አላት ኮምፒውተር ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ። "ፋይሉ የታመቀበትን ደንብ አግኝቼልሻለሁ። ሥዕል ምናምን አያስፈልገውም። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ገጽ ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም ትጽፊያለሽ፤ አለቀ።"

"እኔ? የስልኬን ደወል መቀየር የማልችለው?"

"አይዞሽ እትዬ፣ እኔም ስጀምር ዞሮብኝ ነበር።"

"አሁንስ ለቀቀህ?"

"አሁንማ ለምጄው ነው።"

ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ንድፍ ማለት የነጥቦች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሹራቡ ላይ ወይ ከፍ ይላል፣ ወይ ዝቅ ይላል። ሁሉንም መጻፍ ቦታ ይፈጃል። ስለዚህ ፋይሉ ሲታመቅ የተደጋገመው ይወጣና በምትኩ "አራት ወደ ኋላ ተመለስ፣ አራት ቅዳ" የሚል ትእዛዝ ይገባል። የሚፈታው ፕሮግራም ትእዛዙን እያነበበ የወጣውን መልሶ ይሞላል። እንዴት ደስ ይላል! የፋይሉ ትልቁ ክፍል ዕቃው ሳይሆን ዕቃው የት እንዳለ የሚናገር ጥቆማ ነው።

ሹራብ ሠሪዋም እስከዚህ ገብቷታል። "ሁለት ተመለሽ፣ ስድስት ቅጂ" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ግራ ገባት። ሁለት ነጥብ ብቻ ካለበት ስድስት ከየት ይመጣል? ፋይሉ ተበላሽቷል ብላ ደመደመች። ፕሮግራሙ ሁለቱን ቀድቶ የቀረውን ሁሉ በዝቅታ እንዲሞላው አዘዘችና፣ የወጣውን ንድፍ በሹራብ ማሽኗ ሠርታ ለአክስቷ አመጣችላት።

አክስትየዋ ቁራጩን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ዳበሰችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወፏ ናት፣ አክስቴ።"

"ታዲያ ላባዋን ማን ነጨላት?"

ሹራብ ሠሪዋ ተናዳ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ያልተጨረሰ የእጅጌ ጠርዝ ነበራት፦ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ስትሠራው እጇ መጀመሪያውን ዞር ብሎ አይፈልግም፤ አሁን የሠራውን አይቶ ይቀጥላል። ድንገት ቆመች። ለካ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ነው የሚቀዱት! ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ ገና አሁን የቀዳችው የመጀመሪያው ለመቀዳት ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ሁለቱ ራሳቸውን እየደገሙ ስድስት ይሆናሉ። ፕሮግራሙን አስተካከለችው፤ ክንፉም ወጣ።

"እሷው ናት!" አለች አክስትየዋ፣ ላባውን አንድ በአንድ እየነካካች። "የት ከርማ መጣች?"

ሁለተኛው ንድፍ ቅጠል ሆኖ ወጣ። አክስትየዋ ዳበሰችውና መለሰችው።

"ይሄ የኔ አይደለም።"

"ከፋይልሽ እኮ ነው የወጣው።"

"አይደለም አልኩሽ! ቅጠል ሠርቼ አላውቅም።"

ወንድምየው መረመረው፤ ስህተት አጣበት። "ወይ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፣ ወይ አክስቴ ረስታዋለች" አለ።

"የቱ ነው?"

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ ከነጭራሹ ዞሮብኛል።"

ሹራብ ሠሪዋም አታውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሟን ለወጠችው፤ አሁን ንድፉን በአንድ ጊዜ አይዘረግፍም፤ ስሙ በተጻፈ ቁጥር አንድ ረድፍ አውጥቶ ይቆማል። እሷም ያንን ረድፍ ትሠራለች፣ አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ትዳብሰዋለች። ፕሮግራሙ ከተሳሳተ፣ የሚሳሳትበትን ረድፍ ጣቶቿ ይነግሯታል። ረስታም ከሆነ፣ ምናልባት ጣቶቿ አልረሱ ይሆናል። እስካሁን አክስትየዋ ሁሉም ረድፍ ላይ "የኔ አይደለም" እያለች ራሷን ስትነቀንቅ ቆይታለች። የቅጠሉ ግንድ ላይ ሲደርሱ ግን ጣቷ ዘገየ።

"ቆዪ" አለች። "ቆዪ እስቲ... የሚቀጥለውን አምጪልኝ።"

ሹራብ ሠሪዋ የፕሮግራሙን ስም እንደገና እየጻፈች ነው።