የፎርማሊኑ በርሜል

ነኢማ መቱ ገበያ አጠገብ ባዶ በርሜልና ጀሪካን ስትሸጥ ብዙ ዘመኗ ነው። ከስልጤ አገር ተድራ መጥታ፣ በባሏ በሚፍታህ ሱቅ ጓሮ የጀመረችው ንግድ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ይመጣል፤ የዘይቱንና የሳሙናውን መያዣ እሷ አጥባ ትሸጣለች። በከተማው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ደህና በርሜል ሱቋ አያድርም።

በክረምቱ መግቢያ ከመጡት መሃል ግን አንዱ፣ ወፍራሙ ሰማያዊ፣ ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ክዳኑን ስትከፍተው ዓይኗን እንደ በርበሬ ለበለባት፣ ጉሮሮዋን ቧጠጣት። ውሃ ጨምራ ስታሸው የእጇ ቆዳ ቀልቶ ተሰነጣጠቀ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልኳ አንስታ ፋርማሲ ለምትሠራው ለህሊና አሳየቻት።

ህሊና ሥራዋን አቁማ ደጋግማ አነበበችው። ፎርማሊን ነው አለቻት፤ የጣውላ ሙጫ ይሠራበታል፣ ሬሳም እንዳይበሰብስ ይነከርበታል። ያለ ጓንት አይነካም፣ በተዘጋ ቤት አይከፈትም። ትነቱ ሳንባ ያቃጥላል፤ ለዓመታት የተነፈሰውን ሰው ለካንሰር ያጋልጣል፤ የጠጣውንማ አንጀቱን ይልጠዋል። ፕላስቲኩ ስለመጠጠው በአመድ ቢታሽ በኦሞ ቢፈተግ፣ ከእንግዲህ ለሚበላና ለሚጠጣ ነገር አይሆንም።

ነኢማ በርሜሉን ጓሮ ደፍታ አስቀመጠችው። መከራዋ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ገዢ ሁሉ የቆሙትን ትቶ የተደፋውን ካልሰጠሽኝ አለ። አንዷ መርዝነቱን ሰምታ ደህና አድርጌ አጥበዋለሁ አለች። ሌላው ለዘመድ ደብቀሽው ነው ብሎ አኩርፎ ሄደ። ዳቦ ጋጋሪው ፈንታሁን ደግሞ ሊጥ ሊያቦካበት ፈልጎ፣ የምድጃ እሳት የማይገድለው መርዝ የለም እያለ ሲሞግታት ዋለ። ለአንዱ አስረድታ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ቆራርጬ ልጣለው ስትል ሚፍታህ፣ አሸዋ የሚያመላልስበት ግንበኛ አይጠፋም፣ ቆይ ይላታል።

አንድ ቀን ለቅሶ ልትደርስ እዚያው አካባቢ ወዳለችው ቡሬ ሄዳ ስትመለስ በርሜሉ የለም።

ሚፍታህ ስኳር እየመዘነ፣ ቀና ሳይል፣ በደንብ አጥቦ እንደሸጠው፣ ሽታውም እንደጠፋ ነገራት። የገዛው የዳሪሙው ገበሬ ኢቲቻ ነው፤ ልጁን ሊድር ነው።

“ለምን ሊሆነው?” አለችው።

ሚፍታህ ሚዛኑን አስተካከለ። “ለጠላ መሰለኝ።”

ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል፤ ነኢማ ጉልበቷን ለመንገዱ አስቀመጠችው። በማግስቱ ማለዳ የዳሪሙን ሚኒባስ ያዘች። መኪናው ካደረሳት በኋላ የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃው ጫማዋን እየነጠቀ፣ ያገኘችውን ሁሉ በኦሮምኛ እየጠየቀች፣ ባሏንም በርሜሉንም በልቧ እየረገመች ዳስ ከሚጣልበት ግቢ ደረሰች።

በርሜሉ ጣራ ክፈፍ ሥር ቆሟል፤ አፉ በቅጠል ተሸፍኗል፤ ጌሾው ተጠንስሷል።

ኢቲቻ እንግዳ መጣችልኝ ብሎ በርጩማ አቀረበላት። እሷ ቆማ፣ በርሜሉን እንዲመልሱላት ለመነች፤ በስህተት የተሸጠ ነው፣ መርዝ አለበት አለች። ሰውየው ፈገግ አለ። ዋጋ ጨምሮ የሚገዛ እንዳገኘች ገምቶ ነበር። የመስጊድ ሰው ጠላ ሲደፋ ደስ ይለዋል ብሎም ቀለደባት። የባሰውን ብትነግራቸው እንደሚደነግጡ አስባ፣ ሬሳ የሚነከርበት መድኃኒት ነው የነበረበት አለች። ዳሱን የሚተክለው ጎረቤቱ ነገራ እንጨቱን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ።

“እንግዲህ ሬሳ ካላበሰበሰ፣ ጠላም አያሻግትም ማለት ነው” አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። ነኢማ ያን ሁሉ ጭቃ ረግጣ የመጣችው ይህን ልትሰማ መሆኑን ስታስብ እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ። ማልቀሷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በዚህ መሃል የኢቲቻ ሚስት ዲሪቤ ከማጀት ወጣች። ነጠላዋን ገፍታ እጆቿን ለነኢማ ዘረጋቻቸው። መዳፏ ቀልቶ፣ የጣቶቿ መሃል ተልጦ ነበር።

“በርሜሉን ካጠብኩ ወዲህ ነው” አለች። “ዓይኔም አልደረቀ። የማጀቱ ጭስ ነው ብዬ ነበር።”

ነኢማም የራሷን እጅ ዘረጋች። ቁስሉ ደርቆ ጠባሳው ቀርቷል። ዲሪቤ ወደ ባሏ ዞራ ጠላው ይደፋ አለች፤ አነጋገሯ የሚከራከሩት ዓይነት አልነበረም።

ወንዶቹ ወዲያው አንስተው ወደ ምንጩ ቁልቁለት ሊደፉት ሲነሡ ነኢማ በርሜሉ ላይ ተጠመጠመች። ከምንጩና ከከብቱ መዋያ ራቅ አድርገው ጉድጓድ እንዲቆፍሩ እንደገና ልመና ገባች። እያጉረመረሙ ቆፈሩ፣ ደፉ፣ አፈር መለሱበት። ከዚያ መጥረቢያ ተቀብላ በርሜሉን ስትፈልጠው፣ ነገራ ከወገቡ በታች ያለው ለጥጃ ማጠጫ ይሁነኝ አላት። እሱንም ፈለጠችው።

ኢቲቻ ፊቱ ጠቆረ። “ሠርጉ ደረሰ፤ አሁን በምን ልጠንስስ ነው?” አለ። እውነቱን ነው። ሌሎቹ በርሜሎች ተሸጠው አልቀው ነኢማ ከራሷ ቤት የውሃ በርሜል በቀር የምትሰጠው ስላልነበራት፣ በማግስቱ ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭና ላከችለት። ጠላው ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ፣ ሠርጉም ሆነ። የዲሪቤ እጅ ለመዳን ግን ሰንበት አለ፤ የቆዳ ቅባት ህሊና ናት የሰጠቻት።

ሌላ ጭነት እስኪመጣ ሚፍታህ የቤቱን ውሃ ከቦኖ በጀሪካን ሲያመላልስ ከረመ። ነኢማ አንድ ቀን እንኳ አላገዘችውም። ይባስ ብሎ ለደንበኞቹ የበርሜሉን ነገር ሲያወራ “ተከትለን ሄደን አስደፋነው” ማለት ጀመረ። ነኢማ ከጀሪካኖቹ ኋላ ሆና ትሰማዋለች። ሚኒባሱም ጭቃውም የማን እንደነበር ልትነግራቸው አፏን ትከፍትና፣ ወሬውን የሰማ ገዢ “ይሄኛውስ ምን ነበረበት?” ብሎ፣ ድሮ ማንም ያልጠየቃትን፣ ሲጠይቅ ትሰማለች። ከዚያ ተመልሳ ወደ እጥበቷ ትሄዳለች።