የማይቃና ሰው

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ሽንት። ያስያዘኝ ሰፈራችን ቱላ ውስጥ ስለተወሰደብን መሬት በስብሰባ መሀል ተነሥቼ መናገሬ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሰፈራችንን የእንግሊዝኛ መምህር አገኘሁት። እሱም ከእኔ ቀጥሎ ተናግሮ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎንም?» አለና ፍራሹን ለቀቀልኝ።

በማግስቱ ከምርመራ ሲመለስ ከንፈሩ አብጧል፤ ግን ይስቃል።

«መርማሪው በእንግሊዝኛ ሰደበኝ። ኢንኮሪጅብል አለኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሥሩ ላቲን ነው አባባ፤ ማቃናት ከሚል ቃል የመጣ። ፊት ያለችው ‹ኢን› አይሆንም ትላለች። የማይቃና፣ የማይታረም ማለት ነው። ከበድ ያለ ቃል ነው፤ ዳኛ ለክፉ ወንጀለኛ ይለዋል። ሚስቴ ደግሞ ካልሲዬን አልጋ ሥር ስወረውር ለእኔ ትለዋለች።»

ክፍሉ ሳቀ። በሩ ሥር የተኛው ሌባ «እኔን ስንቴ አስረውኝ አንድ ቀን እንኳ በእንግሊዝኛ አልሰደቡኝም። ታድለህ!» አለው።

ከሰዓት እኔን ጠሩኝ። መርማሪው በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ።

«አባባ፣ እርስዎ የዋህ ሰው ነዎት። መምህሩ ነው አይደል ያስጠናዎት? ይህን ብቻ ይበሉና ዛሬውኑ ቤትዎ ይግቡ።»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

«ያልተማረ ሰው እንደዚያ አይናገርም» አለ።

ደሜ ፈላ። መሬቱን ያረስኩት እኔ። አጥሩ ሲነቀል ቆሜ ያየሁት እኔ። ንዴቴን እንኳ ከሰው የተዋስኩት መሰለው! ባለቤቴ ታማ ተኝታለች፤ ቤቴ መግባት እንዴት እንዳማረኝ እግዜር ያውቃል። ሻዩን ሳልቀምስ ወደ እሱ ገፋሁት።

«ልጄ፣ ያልኩትን ያልኩት ከሆዴ ነው። ከመምህሩ የተማርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ፣ እዚሁ።»

«ምን የሚል?»

«ኢንኮሪጅብል። እኔንም እንደዚያው ብለህ ጻፈኝ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ክረምቱን እዚያው ከረምን። ስንፈታ ይቅርታ ያለን የለም። ባለቤቴ ደግነቱ በሕይወት ጠበቀችኝ።

መሬቱ ላይ ዛሬ የማላውቀው ሰው ፎቅ ቆሟል። በዚያ ሳልፍ ጥርሴን እነክሳለሁ። «ያለፈ ነገር ነው፣ ይተዉት» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። አልተውም። ወገቤ ጎብጧል፤ እሱ የዕድሜ ነው። ውስጤ ግን ቀድሞም ቀጥ ያለ ነበር፤ ምኑን ነው የሚያቃኑት?