ኳሷን በእግሬ የገፋሁ ዕለት

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! እዚህ መድረክ ላይ ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈርቻለሁ። ፓስተር በየጊዜው «ጌታ ያደረገልህን ለምን ለወገኖች አትናገርም?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «የሚቀጥለው እሁድ» እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ዛሬ ግን ልናገር። የምነግራችሁ ነገር የሚያምር አይደለም። እኔን ከፍ የሚያደርግ አንድም ነገር የለበትም። የጌታ ስም ብቻ ይክበር!

ዮናስ እባላለሁ። ብዙዎቻችሁ እዚሁ ከተማችን፣ ሶዶ ሰፈር ባለው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስጭን ነው የምታውቁኝ። ከዚያ በፊት ሥራዬ ጎልፍ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! በዲቪ ወደዚህ አገር ስንመጣ አባቴ መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ቢከን ሂል ላይ ያለውን የከተማውን የጎልፍ ሜዳ ሣር ማጨድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ሄጄ እጠብቀዋለሁ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ የጎልፍ ዱላ ያዝኩ። ሳላስበው ጎበዝ ሆንኩ፤ ኮሌጅ የገባሁት በጎልፍ ነው፤ ከዚያም ፕሮፌሽናል ሆንኩ። ያየኝ አበሻ ሁሉ «ቲቪ ላይ መቼ ነው የምናይህ?» ይለኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ቲቪ ላይ የምታዩት የላይኞቹን ነው። ከሥር ያለነውን ማንም አያየንም። ኦሪገን፣ አይዳሆ፣ አሪዞና እየነዳን ከትንሽ ውድድር ወደ ትንሽ ውድድር እንዞራለን። ሁለት ቀን ትጫወታላችሁ፤ ውጤታችሁ ካላማረ ሦስተኛውን ቀን ሳታዩ ዕቃችሁን ጭናችሁ ትመለሳላችሁ። «ከት»፣ ማለትም የመቁረጫውን ነጥብ፣ አላለፈም ይባላል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ አላልፍም። ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ ቤታችን ውስጥ ባለቤቴ ሕይወት ትጠብቀኛለች። «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» እላታለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሕይወት በዚህ በጌታ ቤት ያደገች ልጅ ናት። ለኔ ስትጸልይ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደርግ ነበር። እግዚአብሔር የለም አላልኩም፤ ግን አላስፈለገኝም። የኔ አምላክ ያቺ ነጭ ኳስ ነበረች።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ብሬንት ይባላል። የታኮማ ልጅ ነው። ሞቴል ክፍል እንጋራለን፤ ስታመም መድኃኒት የሚገዛልኝ እሱ ነው። አንድ በጋ ለሁለታችንም ትልቅ ዕድል መጣልን። እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት፣ ተራራውን ተሻግሮ በተደረገ ውድድር፣ ጥሩ የጨረሱ ጥቂት ሰዎች ከፍ ወዳለው ደረጃ የሚያስገባውን ማጣሪያ ይጫወታሉ። የመጨረሻው ቀን ላይ እኔና ብሬንት እኩል ነበርን።

አሥራ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ኳሴ ጫካ ገባች። ሄጄ ሳያት ከወፍራም የዛፍ ሥር ጀርባ ተደብቃለች፤ ከዚያ መምታት አይቻልም። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ቅዱሳን፣ ጎልፍ ዳኛ እየተከተለ የሚያጫውተው ጨዋታ አይደለም። ስንት እንደመታህ ራስህ ትናገራለህ፣ ካርድህ ላይ ራስህ ትፈርማለህ። እኔ ኳሷን በጫማዬ ጫፍ ገፋ አደረግኳት። አንድ ስንዝር ብትሆን ነው። መታሁ፣ ወጣች። ስጨርስ ካርዱ ላይ ፈረምኩ። በአንድ ምት ብልጫ እኔ አለፍኩ፣ ብሬንት ቀረ።

መጥቶ አቀፈኝ። «ይገባሃል» አለኝ። በዚያው ዓመት ብሬንት ጎልፍ ተወ።

እኔስ? ማጣሪያው የመጀመሪያ ቀን፣ ከቀዳዳው አንድ ክንድ የማትሞላ ምት ላይ ቆሜ ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። አቆመዋለሁ ብል እምቢ አለ። ኳሷ ቀዳዳውን አልፋ ሄደች። በማግስቱም ያው፣ በሚቀጥለው ውድድርም ያው። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጭንቅላቴን በማሽን አይቶ «ነርቭህ ጤነኛ ነው። የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም የለም» አልኩት።

ሶ፣ እጄን የሚያረጋጋው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ጠዋት መኪናዬን ፓርክ አደርግና ከቴርሞሴ ሁለት ጉንጭ እወስዳለሁ። ቡና ይመስላል፣ ቮድካ ነው። በኋላ ውድድር በሌለኝም ቀን መጠጣት ጀመርኩ። ከዚያ ሜዳው ቀረ፣ ቴርሞሱ ቀጠለ። ሕይወት ትጠረጥር ነበር። አንድ ቀን «ዮኒ፣ በጌታ ስም ይሁንብህ፣ ትጠጣለህ?» አለችኝ። ዓይኗን እያየሁ «አልጠጣም» አልኳት። አመነችኝ።

ልጃችን ሶስና ተወለደች። ያ ቀን ሲመጣ ስምንት ወሯ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ዝናብ አለ። ሕይወት ወደ ሥራ ልትሄድ መኪና ውስጥ ገብታለች፤ እኔ ልጅቷን ታቅፌ ከፎቅ በውጭው ደረጃ እየወረድኩ ነው። ያን ጠዋት ጠጥቻለሁ። ደረጃው መሃል ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እግሬም ከዳኝ። ልጄ ከእጄ ወጣች።

ይቅርታ አድርጉልኝ... አንድ ጊዜ...

ጌታ ይባረክ። ልቀጥል። ድምፅ አላሰማችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሆስፒታል ሐኪሟ ወጥታ «የራስ ቅሏ ተሰንጥቋል፣ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው፣ አሁን ኦፕራሲዮን እናደርጋለን። እንደምትተርፍ ልነግራችሁ አልችልም» አለችን። ሕይወት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ የሕፃናትን ደኅንነት የምትከታተለው ሶሻል ወርከር መጣች። እንዴት እንደወደቀች ጠየቀችን። «ደረጃው እርጥብ ነበር፣ አዳለጠኝ» አልኩ። «ዛሬ መጠጥ ነገር ወስደሃል?» ስትለኝ፣ እኔ ሳልመልስ ሕይወት ብድግ አለች። «ባለቤቴ አይጠጣም! ጠጥቶ አያውቅም!» አለች። ተከራከረችልኝ። ሴትየዋ የተናገርነውን ጽፋ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «አንብበውና ትክክል ከሆነ ፈርም» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ ያን ጫካ አየሁት። ያንን ሥር አየሁት። ጫማዬን አየሁት። ልፈርም ብል እጄ እምቢ አለ። «ውሸት ነው» አልኩ። «ጠጥቻለሁ። በየቀኑ እጠጣለሁ። ባለቤቴ አታውቅም፣ ዋሽቻት ነው።»

ሕይወት አልጮኸችም። «ከፊቴ ዞር በል» አለችኝ። ሶሻል ወርከሯና ባልደረቦቿም ከልጄና ከቤቴ እንድርቅ ነገሩኝ።

ወርጄ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። መሞት ፈለግኩ። እንደዚያ ሆኜ ጋሽ ታደሰ አገኙኝ። ሁላችሁም የምታውቋቸው ሽማግሌያችን፣ ለሶስና ሊጸልዩ መምጣታቸው ነው። እጃቸውን ሊዘረጉልኝ ሲሉ «ጋሼ አይንኩኝ፣ እኔ ነኝ የጣልኳት። ሰክሬ ነው» አልኳቸው።

«ሕይወት በስልክ ነግራኛለች» አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ስንት ጊዜ ልጸልይልህ ስልህ 'ደህና ነኝ ጋሼ' ብለኸኛል። አሁንስ ደህና ነህ?»

«አይደለሁም።»

«በል፣ ይህንኑ ለጌታ ንገረው። ሌላ ምንም አትጨምርበት።»

ሃሌሉያ! ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ «ጌታ ኢየሱስ፣ ደህና አይደለሁም» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ይዘውኝ ሲያለቅሱ ብቻ ነው የሰማሁት። ነገር ግን ቅዱሳን፣ ከስንት ዓመት በኋላ እውነት ተናግሬ የሰማኝ ነበረ። እሱ ሰማኝ!

ሶስና ተረፈች። ክብር ለጌታ ይሁን! የግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። ይህንን ሳልነግራችሁ ብወርድ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። በግራዋ በኩል ስጠራት አትዞርም። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ መጠጥ ማቆሚያ ማዕከል ገባሁ፤ እንዴት እንደከበደኝ ጌታ ያውቃል። ስወጣ ብሬንት ጋር ኮል አደረግኩ። ኳሷን እንደገፋኋት ነገርኩት። «ዮናስ፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ብዬ ነው የተውኩት። ይህን ሁሉ ዓመት እንደዚያ እያሰብኩ ነው የኖርኩት» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ሰምቼሃለሁ። ሁለተኛ ግን አትደውልልኝ» ብሎ ዘጋው። አልፈርድበትም። በየቀኑ ስሙን ጠርቼ እጸልይለታለሁ።

«እጅህስ ተፈወሰ?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ግን ጌታ ይመስገን፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር መጠጥ አልነካሁም። ከዚያ ወዲህ አልዋሸሁም ብል እዋሻለሁ፤ ስዋሽ ግን ሳይመሽ ተመልሼ እናገራለሁ። ሕይወት እዚያ ከመዘምራኑ ጋር ተቀምጣለች። ይቅር ብላኛለች፣ አብረን ግን አንኖርም። ልመሰክር ነው ስላት «ሁሉንም ንገራቸው፣ እኔ የተከራከርኩልህንም ጭምር» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚከታተለን ሰው ባለበት ሶስናን አገኛታለሁ። ባለፈው ሳምንት በቀኟ በኩል ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብላት ትከሻዬ ላይ ተኛች። አልተነቃነቅኩም። እግሬ ደንዝዞ እንኳ አልተነቃነቅኩም። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! ይህ አይገባኝም፣ ተመስገን!

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዛሬ እዚህ መካከል «ደህና ነኝ» እያልክ የመጣህ ካለህ፣ «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያልሽ ያለሽ ካለሽ፣ ኢየሱስ የተስተካከለ ሰው አይደለም የሚጠብቀው። እኔ እውነቱን ለመናገር ልጄ እስክትወድቅ ጠበቅኩ። እናንተ አትጠብቁ። ስብሰባው ሲያልቅ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ብቻችሁን መናገር ከከበዳችሁ አብሬያችሁ እቀመጣለሁ። ጌታ ይባርካችሁ።