የሰልፈሩ አናየንና የግርማ ሁለት ነጥብ

ከወሎ ሰፈር ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ማሠልጠኛ በረዳት መምህርነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወርቁ አንድ ቀይ እስክሪብቶና አንድ ምክር ሰጡኝ። «ፈተና ስታርም የመልሱን ቁልፍ እይ እንጂ የተማሪውን ፊት አትይ» አሉኝ። ቁልፉን የምጽፈው ራሴ ስለነበርኩ ምክሩ ደስ አለኝ።

የማስተምረው ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነበር። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ባለፈ ቁጥር ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ፤ ድምፁ ሲርቅ እቀጥላለሁ። አሲድ ፕሮቶኑን ሲሰጥ የሚቀረው ክፍል ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ አናየን እንለዋለን። ቻርጁን በቀላሉ የሚሸከም አናየን የተረጋጋ ነው። ኤሌክትሮን አጥብቆ የሚስብ አተም የተሻለ ይሸከመዋል ብዬ አስተማርኩ። ይህ ግን በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ላይ ላሉ አተሞች ነው። ወደ ታች ሲወረድ የሚወስነው የአተሙ ትልቅነት ነው። አውቀው ነበር፤ የመጨረሻውን ፈተና ቁልፍ ስጽፍ ግን ቸኩዬ ዘነጋሁት።

ጥያቄው ኦክስጅን ላይ ካለ ቻርጅና ሰልፈር ላይ ካለ ቻርጅ የቱ ይረጋጋል የሚል ነበር። ቁልፌ ኦክስጅን ይላል። ከክፍሉ ሁሉ ሰልፈር ያለው ግርማ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ብቻ ነበር። ሁለት ነጥብ ቀነስኩበት። ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደለው፤ የወደቀ ደግሞ ይሰናበታል። በዚያ በደርግ ዘመን ከትምህርት የተሰናበተን ወጣት ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይፈልገዋል።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰልፈር እኮ ከኦክስጅን ይተልቃል። ቻርጁ ሰፋ ብሎ ይቀመጥለታል፤ አይጨናነቅም።»

ፊቴ ጋለ። ልጁ ልክ ነበር።

«ወረቀቱን ተውልኝ። ሰኞ እናየዋለን።»

«እስከ ሰኞ ቀበሌ ዝም ይለኛል ጋሼ?»

«ሰኞ አልኩህ እኮ!»

አቶ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። «ውጤቱ ተፈርሞበት ተለጥፏል» አሉ። «ዛሬ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ አለ። ተነስተህ ጥፋትህን እመን። አሻጥር ነው ካሉህ ግን እኔ የለሁበትም።»

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ «ግለሂስ ያለው ጓድ?» ሲል ተነሳሁ። በዚህ ወር ሁለት ቀን አርፍጃለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ተጨበጨበልኝ።

ሰኞ እንደምንም ጨክኜ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። የቁልፉን ስህተት የጻፍኩበትን ማስታወሻ አነበበና ፈረመበት። አሻጥር ያለኝ የለም። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ግርማ አልመጣም። የመጡት እናቱ ናቸው። «ቅዳሜ ወሰዱብኝ» አሉ። «ወረቀቴ ጋሼ ጋ ነው ብሎኝ ነበር። አልፏል እንዴ?»

«አልፏል» አልኳቸው።

መረቁኝ። የተፈረመበትን ወረቀት ይዘው እየተቻኮሉ ወደ ቀበሌ ሄዱ። ቀበሌው ወደ ማሠልጠኛ ጦር ሰፈር ተልኳል አላቸው። ግርማ ከዚያ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ያንን ትምህርት በየዓመቱ አስተምሬዋለሁ። ሰልፈር ጋ ስደርስ አውሮፕላን ባያልፍም ድምፄ ይቆማል። ለምታርሙ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የቁልፋችሁን ስህተት ባወቃችሁበት ቀን አርሙት።