አስር ከአስር

ቡታጅራ አምስተኛ ክፍል እያለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰው ለማንም አስር ከአስር ሰጥተው አያውቁም ነበር። ደብተሬ ላይ በቀይ እርሳስ ዘጠኝ ይጽፋሉ። «ምኑ ጎደለ ጋሼ?» ብዬ ስነጫነጭ፣ «አስሩማ የኔ ነው፤ እሱን ከሰጠሁሽ ለኔ ምን ይቀረኛል?» ብለው ይስቁብኛል። የመስቃን ሰው ናቸው። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ያገኙት ከትምህርት ቤት ስለሆነ ሁለቱንም እንደ አዲስ ልብስ ተጠንቅቀው ነው የሚናገሩት። እኔ ደግሞ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አፌን የፈታሁበት ስለሆነ ብቻ ከክፍሉ ሁሉ የምበልጥ ይመስለኝ ነበር። ያን ትዕቢቴን በዘጠኝ ልክ አስገቡልኝ።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ለማስተርስ ዲግሪ ቤይሩት ላከኝ። የምማረው እንግሊዝኛን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ አገሬ ገብቼ አንድ የክፍል ትምህርት በቴፕ መቅዳት ነበረብኝ፤ ማን ዘንድ እንደምሄድ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም። «ተራ ትምህርት ነው የምፈልገው ጋሼ፤ ለኔ ብለው ምንም እንዳያዘጋጁ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይጻፋል? በአገራችን እንግዳ «አትቸገሩ» ካለ ጨዋ ነው ማለት ነው፤ ባለቤቱም ይህን ሲሰማ ይብስ ይቸገራል። እኔ ቤይሩት ተቀምጬ ይህን ረስቼው ነበር።

ክፍሉ በኖራ ተለስኖ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ አቧራው ተጠርጎ፣ ልጆቹ ፀጉራቸው ተስተካክሎ ጠበቁኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ስለነበር ነፋሱ በመጣ ቁጥር ክፍሉ ያስነጥሳል። ቴፑን ከፈትኩ። አስተማሪዬ ስለ አንድ ገበሬ የምታወራ አጭር ንባብ አነበቡና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁ። ለእሱ የተመደበው ልጅ ተነሣና ማስነጠስ ያዘው፤ አልቆም አለው። ከጎኑ ያለችው ልጅ ጨንቋት ብድግ አለችና የራሷን ተራ መልስ ተናገረች። ከዚያ በኋላ መልሱ ሁሉ ጥያቄውን አንድ አንድ እየቀደመ ሄደ።

«ገበሬው ስንት በሬ አለው?» ይላሉ በእንግሊዝኛ።

«ቆሼ ገበያ፣ በአህያ» ይላል አንዱ፣ እሱም በእንግሊዝኛ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ቬሪ ጉድ» ይላሉ አስተማሪዬ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። እስከ መጨረሻው ጥያቄ ድረስ ድምፃቸውን ሳይለውጡ «ቬሪ ጉድ» ሲሉ አሁንም ድረስ ይሰማኛል።

ቤታቸው ወስደው ጎመን ክትፎ በቆጮ አቀረቡልኝ። እሳቸው ግን አልበሉም። «ሳምንት ሙሉ አስጠናኋቸው» አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ቴፑን ፈረንጆቹ ይሰሙታል ስትዪ ጊዜ፣ የቡታጅራ ልጆች ጎበዞች ናቸው ይበሉ ብዬ ነው። አንቺም እንዳታፍሪ። በይ ልጄ፣ ነገ ድገሚው። ያለ ጥናት አስተምራለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እዚህ ላይ ብዋሽ ደስ ባለኝ። አውቶቡሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ጊዜ ነበረኝ፤ ባዶ የቴፕ ክርም ነበረኝ። ያልደገምኩት የምፈልገውን ስላገኘሁ ነው። የሽምደዳ ትምህርትን ጉድ የሚያወጣ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? «አይ ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ይበቃኛል» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «እንግዲያስ ብዪ እንጂ!» ብለው ራሳቸውም መብላት ጀመሩ።

ቤይሩት ተመልሼ ስለዚያች አንዲት ሰዓት አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አማካሪዬ ከመላው ጽሑፍ የወደደው እሱን ነው። ስማቸውን አልጠራሁም፤ «በአንዲት ትንሽ ከተማ ያለ መምህር» ብዬ አለፍኩ። በመጀመሪያው ገጽ ግን፣ ውለታ እንዳይቀርብኝ ብዬ፣ በሩን የከፈተልኝን የቡታጅራ ትምህርት ቤት አመሰገንኩ። በዚያ ትምህርት ቤት ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህን እያወቅሁ አላሰብኩበትም። አንዱን ቅጂ እንደ ደንቡ ላስተማረኝ መንግሥት አስገባሁ፤ ሌላውን ለእሳቸው በፖስታ ላክሁላቸው፣ ያውም በፊርማዬ።

አዲስ አበባ ሥራ በጀመርኩ በወሩ አንድ ሹም ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ። «ጥናትሽ ሥራ ላይ ውሏል» አለኝ። «ያን የቡታጅራውን ሰውዬ ከማስተማር አንሥተን ወልቂጤ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አድርገነዋል።» ደግ የሠራልኝ መስሎት ነበር። ውሳኔውን ላስለውጥ ደጅ ጠናሁ፤ ከራሴ ጽሑፍ እያነበቡ መለሱልኝ።

ወልቂጤ ሄድኩ። የተሰበሩ ዴስኮች በተቆለሉበት ክፍል፣ የጠመኔ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተነሥተው ሳሙኝ፤ የአባቴን ጤና ጠየቁኝ። ቤተሰባቸው እዚያው ቡታጅራ ቀርቷል። በተራራው ማዶ ቅርብ ቢሆንም በመኪና አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ስለሚያስፈልግ፣ የሚያዩዋቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው። ደወል ተደወለ። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጠመኔው ሄደና ተመለሰ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«ያልሆነ ነገር አልጻፍሽም» አሉ። ቀጥለው ከመደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውርደው ሰጡኝ። «ጽሑፍሽ ነው። አርሜልሻለሁ፣ ሥራ ስለሌለኝ። መንገድ ላይ ታይዋለሽ።»

አውቶቡስ ውስጥ ፈታሁት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቀይ እርሳስ አለ፤ የጠመመውን አቃንተዋል፣ የተድበሰበሰውን «ግልጽ አይደለም» ብለዋል፣ አብዛኛውም ልክ ነበር። ስለ እሳቸው የጻፍኳቸው አሥራ ሁለት ገጾች ላይ ግን አንድም ምልክት የለም። የመጨረሻውን ቅጠል ገለጥኩ። ግርጌው ላይ፣ በዚያ በማውቀው የእጅ ጽሕፈት፣ አስር ከአስር ሰጥተውኛል።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ነጠላዋን ዘርግታ ፊቴን ጋረደችልኝ። «እኔን እህቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ። ማንም አልሞተብኝም አልኳት።